የፓራፋንጎው ሸንጎ

ደብረ ታቦር ላይ ገንዘብ ቢቸግራችሁ አበዳሪ ታጡ ይሆናል፤ አሮጌ የጭነት መኪና አቁማችሁ ፓራፋንጎውን መነካካት ከጀመራችሁ ግን አማካሪ አታጡም። መጥራትም አያስፈልግም። መዶሻው ላሜራውን ሁለቴ ሦስቴ ካስጮኸው ይበቃል። ከጎሚስታው፣ ከጠጅ ቤቱ፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ መንገዱን ጠምዘዝ አድርጎ ይመጣል፤ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፤ ቀና ሲል «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ይላል። እንዴት እንደሆነ የሚናገረው ግን ቡና ከቀረበ በኋላ ነው።

የአጎቴ ዚል የሰበሰበችው ሸንጎም እንዲሁ ነበር። ዚል 130 ናት። የሞስኮው ፋብሪካ፣ ያ ቀድሞ በስታሊን ስም ሲጠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1956 ሊካቾቭ የተባለው፣ የወለዳት ናት፤ ስምንት ሲሊንደር፣ 6 ሊትር ሞተር፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ የማይቆርጥ የቤንዚን ጥም። ያመጣት ደርግ ሄደ፣ የሠራት አገር ፈረሰ፣ የወለዳት ፋብሪካ የጭነት መኪና መሥራቱን ተወ። እሷ ግን አሁንም የፋርጣን ድንች ባሕር ዳር ታወርዳለች፣ ስትመለስ የፎገራን ሩዝ ታመጣለች፣ በመሀሉ የባሕር ዛፍ አጣና ካገኘችም አትንቅም።

ሰው «ጋሼ፣ ይቺን ብረት ሸጠው አይሱዙ አይገዙም?» ሲላቸው አጎቴ መልስ አይሰጡም፤ ፓራፋንጎዋን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ዝም ይላሉ። መልሱን እኔ ልስጥላቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጫነ ወዲህ፣ አገር ቤት የሚገኝ አሮጌ ብረት ሁሉ የባላባት ልጅ ሆኗል። ትናንት ቆራሌው የሚያንጓጥጣት መኪና ዛሬ ባለቤቷ ቁልፏን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። ስለዚህ ፓራፋንጎ መጠገን ቅንጦት አይደለም፤ ርስት ማስከበር ነው።

የፓራፋንጎ ነገር ላልገባው ሰው ትንሽ ላብራራ። ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ወጥ ላሜራ አይደለም። ላይኛው ጉብታ፣ ወደ ጎን የሚወርደው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሞተሩ ግድግዳ የሚሆነው፣ ጫፍና ጫፋቸው እየተደረበ ነጥብ በነጥብ የተበየደ ነው። ከዚያ ጠቅላላው በቡሎን ከጋቢናው ጋር ይታሰራል። በተደረቡት ላሜራዎች መካከል ወረቀት አይገባም ትላላችሁ፤ ውሃ ግን ይገባል። ውሃ ሰፊ ቦታ ላይ ካረፈ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ጠባብ ቦታ ካገኘ ግን ራሱን እየሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ለመውጣትም አይቸኩልም። እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱን ላሜራ ገፍቶ ያለያያቸዋል። ክፍተቱ ሰፋ፤ የሚገባው ውሃ በዛ፤ ዝገቱ ባሰበት። ከውጭ ቀለሙ አበጥ ብሎ ስታዩት ከውስጥ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

የእኛ አገር መልክዐ ምድር ደግሞ ለዚህ ሥራ የታዘዘ ይመስላል። ዚሏ ፎገራ ማሳ ዳር ሩዝ ልትጭን ስትገባ ጎማዋ ዋልካውን እያነሣ ፓራፋንጎው ጉያ ውስጥ ይለስነዋል። ከዚያ ከወረታ ተነሥታ፣ በዓለም በር አድርጋ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን ወጥታ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ትቆማለች። እዚህ ጭጋግ አለ፤ የጉና ብርድ አለ። ዋልካው አይደርቅም። ሲደርቅም እንደገና ለመራስ ነው የሚዘጋጀው። አጎቴ ፓራፋንጎውን አስፈትተው ሲያገላብጡት ከውስጡ የወጣው ጭቃ ጎመን የሚያበቅል ነበር።

እንግዲህ ይህ ላሜራ ከላሜራ የሚገናኝበት ስፌት በምን ይታሸግ? ሸንጎው በዚህ ተከፈተ።

ቀድሞ የተናገረው በያጁ ነው። የእሱ ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይበየድ። ዙሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበየድ፣ ከጋቢናው ጋርም ይያያዝና ይገላገል። አነጋገሩ ልብ ያሞቃል፤ ችግሩ ስስ ላሜራ ረጅም ብየዳ ሲያርፍበት ራሱም ይሞቃል፣ ይሳባል፣ ይጣመማል። አጎቴ ግን በዚህ አልተከራከሩም። «ያንተ ሐሳብ ሴባስቶፖልን መሥራት ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ስፌት የሌለው ብረት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ጋፋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በመቶዎች በሚቆጠር ሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ገባ። (ዚሏን ቀርፋፋ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡ ደግ ነው።) ከ150 ዓመት በላይ እዚያው ዝናብ ሲወርድበት ማሸጊያ የቀባው የለም። ነሐስ ነውና እንደ ብረት አይዝግም፤ ቀልጦ የፈሰሰ ወጥ ነውና ውሃ የሚሸሸግበት ጓዳ የለውም።

በያጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ታዲያ ጋሼ፣ እኔስ ምን አልኩ?»

«ሴባስቶፖል መሪ የለውም፣ ራዲያተር የለውም» አሉ አጎቴ። «ፓራፋንጎው ካልወለቀ ሲበላሽብኝ በየት በኩል ልግባ?»

በያጁ ተቀመጠ። ቀለም ቀቢው ተነሣ። ቀለም ቀቢ ደግሞ ለሁሉም ነገር ስቱኮ አለው። ጉድጓድ? ስቱኮ። ስንጥቅ? ስቱኮ። ቀዳዳ? ወረቀት ደገፍ አድርጎ ስቱኮ። ጉድጓድ ለመሙላትና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ለማስተካከል ስቱኮን የሚያህል የለም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከደረቀ በኋላ ግትር ነው፤ አይለመጥም። የጭነት መኪና ደግሞ መለመጥ ሥራው ነው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ፓራፋንጎው አብሮት ይሄዳል፣ ጋቢናው በራሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሌላ ጭፈራ ይጨፍራል። ስቱኮው በመሀል ተሰንጥቆ የፀጉር ያህል መስመር ያወጣል። ያቺ መስመር ትበቃለች። ስቱኮው ራሱ ውሃ የሚመጥ ስለሆነ እርጥበቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ ይይዘዋል። ከውጭ የሙሽራ ፊት፣ ከውስጥ ቁስል።

የሸንጎው ትልቁ ክርክር ግን የተነሣው በሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የማይገባበት የለም። አዳዲሶቹ ፎቆች መስኮታቸው በእሱ፣ የእጅ መታጠቢያው በእሱ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ በእሱ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ልጅ ራሱ ቱቦውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኼን ይውሰዱ። መስኮትም፣ ሽንት ቤትም፣ መኪናም ያሽጋል።»

«ለመኪናና ለሽንት ቤት እኩል የሚሆን ነገር እጠራጠራለሁ» አሉ አጎቴ፤ ጫፉን ከፍተው አሸተቱት። ፊታቸው ተኮማተረ። «ይኼማ አቼቶ ነው!»

አፍንጫቸው አልዋሸም። በየሱቁ የሚገኘው ርካሹ ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ይኸው የአቼቶ አሲድ ነው። መስታወት አሲዱን አይሰማውም። የተፋቀ ራቁት ብረት ግን ወዲያው ይዝጋል። ዝገት ለመከላከል ዝገት በቱቦ ገዝቶ መሄድ ማለት ነው። ሌላው ጣጣ ቀለም ነው፤ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም። በእሱ ላይ ብቻ ቢሆን ደህና፤ ሲሊኮን የነካው እጅ የነካው ጨርቅ የነካው ላሜራም ቀለም አይቀበልም፣ ቀለሙ ከቦታው እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህን ሲሰማ እስካሁን አኩርፎ የተቀመጠው ቀለም ቀቢ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ ልጁንም ከነቱቦው ከግቢው አስወጣው። በዚያች ሰዓት ሸንጎው አንድ ነገር ላይ ተስማማ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ከዚያ ወዲያ አልታየም።

አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ሬንጅ አሉ። ለእሳቸው ዓለም ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ መድኃኒቱ በርሜል ውስጥ ነው። አንድ መሪጌታም ሐሳቡን ደገፉ፤ በጥንታዊ ማስረጃ። ኖኅ መርከቡን የለቀለቀው በቅጥራን አይደለም ወይ? ከጥፋት ውሃ የበለጠ ምን ክረምት አለ?

አጎቴ መጽሐፍ አክባሪ ናቸው። ትንሽ አሰቡና «አባቴ፣ የኖኅ መርከብ እኮ አንድ ጉዞ ነው የሄደችው» አሉ። «ያውም ከፊቷ የሚመጣ አይሱዙ ሳይኖር።»

ለሬንጅ ግን ፍርድ እንዳይጓደልበት። ከፓራፋንጎ በታች፣ ጎማው ድንጋይና ጭቃ የሚወረውርበት ፊት ላይ፣ ላሜራው ከደረቀና መሠረት ቀለም ካገኘ በኋላ ቢቀባ ጥሩ ጋሻ ነው፤ የድሮ ፋብሪካዎችም ሆድ ሆዱን በሬንጅ ነክ ነገር ይቀቡ ነበር። ስፌት ውስጥ ገብቶ ከላዩ ቀለም ሊቀባ ነው ከተባለ ግን አይሆንም። ቡናማ እድፉ ከሥር እየሰረገ ቀለሙን ያበላሻል፣ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በደብረ ታቦር የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይሰነጠቃል። አንድ አዛውንት ባትላሜራ ስታኞ ይፍሰስበት ብለው ነበር፤ ጥንት የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል እያቀለጡ መሙላት የሙያው ዘውድ ነበር። እጃቸውን ባከብርም የእርሳስ ጭስ መተንፈስ ለማንም አልመኝም።

ነገሩን ያቀኑት ከሸንጎው መሀል ያልነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ አረቄ ያወጣሉ። ቡናውን ይዘው ሲገቡ ጭቅጭቁን ሰምተው ሳቁ። አረቄ የሚያወጣ ሰው ማሰሮውና ቱቦው የሚገናኙበትን አፍ በጭቃ ይለስነዋል፤ እንፋሎቱ አያመልጥም፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ጭቃው ተነሥቶ ማሰሮው ይታጠባል። «እኔ ማሰሮዬን በሲሚንቶ ብደፍነው ነገ በምን አወጣለሁ?» አሉ። «መጀመሪያ የሚፈታውንና የማይፈታውን ለዩ እንጂ!»

በእኔ ግምት ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይኼ ነው። ሁላችንም ስፌቱን እንደ አንድ ነገር ስንጨቃጨቅበት ዋልን፤ ሁለት ነው። ላሜራ በላሜራ ላይ ተደርቦ የተበየደው ስፌት አይፈታም፤ እሱ በደንብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅም እንደ ጎማ የሚለመጥ፣ ቀለም የሚቀበል ማሸጊያ ይፈልጋል። ፓራፋንጎው ከጋቢናው ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ደግሞ ነገ የሚፈታ ነው፤ እሱ ማጣበቂያ ሳይሆን ትራስ ነው የሚፈልገው። የድሮ ፋብሪካዎች እዚህ መካከል የጨርቅ ወይም የጎማ ጥብጣብ የሚያስገቡት፣ ብረትና ብረት ተፋጭተው እንዳይጮሁና ቀለማቸው እንዳይላጥ ነው።

ለሁለተኛው መፍትሔው ከጎሚስታው ቤት ተገኘ። ያረጀ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፤ ቡታይል ከሚባለው አየር ከማያሳልፍ ጎማ የሚሠራ፣ ውሃና ፀሐይ በቀላሉ የማይበግሩት ነገር። ሁለት ጣት ስፋት ተደርጎ ተቆረጠ፣ ለቡሎኖቹ ተበሳ፣ ሮንዴላ ተጨምሮለት ገባ። ዋጋው ለጎሚስታው የአንድ ቡና ምስጋና ነው። ከላይ የተረፈውን ጠርዝ በምላጭ ሲያስተካክሉት ከሞስኮ የመጣ ይመስል ነበር።

ለመጀመሪያው የተመረጠው ፖሊዩሪቴን ነው፤ በየቱቦው ተሞልቶ የሚሸጥ፣ በሲሊኮን መግፊያ ሽጉጥ የሚገፋ፣ ግን ሲሊኮን ያልሆነ። እሱን ለማግኘት ያየነውን አበሳ አላወራም፤ ደብረ ታቦር ላይ ስንጠይቅ የሚሰጡን ያንኑ አቼቶ ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ከሶማሌ ተራ አመጣልን። ሲደርስ ወሩ ሐምሌ ገብቷል፤ ሰማዩም እንደ ሐምሌ ነው። ሸንጎው አዲስ ክርክር አገኘ፤ በዚህ እርጥበት እንዴት ይደርቃል? አጎቴ እንኳ ተጠራጥረው «እስከ መስቀል ይቆይ» ማለት ጀምረው ነበር።

የፖሊዩሪቴን ተፈጥሮ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ደረቁ የጥር አየር ያዘገየዋል፤ ጭጋጋማው የሐምሌ አየር ያፋጥነዋል። ሌላው የሚያዘገየው ነገር ብርድ ነው፤ እሱንም ደብረ ታቦር በነፃ ታቀርባለች። ስለዚህ አየሩ እርጥብ ቢሆን ግድ የለም፣ ብረቱ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ላሜራው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ከስፌቱ ውስጥ የመጨረሻዋ ዋልካ ተጭራ ወጥታ፣ ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀባው የኤፖክሲ መሠረት ቀለም ተቀባ፤ ማሸጊያ ራቁት ብረት ላይ አይቀመጥምና። ከዚያ በዝናብ መከለያ ሥር የከሰል ምድጃ ቀረበለት። ቤንዚኑ አስቀድሞ ርቆ ተቀምጧል። ፓራፋንጎው ሞቀ። ሸንጎውም አብሮ ሞቀ፤ ምድጃው ዙሪያ እጁን ዘርግቶ ምክሩን ቀጠለ። እንደውም አንዳንዱ በማግሥቱም «ገና አልደረቀም» እያለ የመጣው ለምድጃው ይመስለኛል።

አጎቴ ቱቦውን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ሽጉጡን ይዘው ስፌቱን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት፣ በሳሙና ውሃ በነከሩት ጣታቸው አሹት። ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙና የጣት ውፍረት ያህል ሳይደፍኑ ተዉት። በያጁ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ይቺን ረሷት!»

«አልረሳኋትም። የገባ ውሃ በየት ይውጣ?»

ሸንጎው ዝም አለ። ቀለም ቀቢው ብቻ ጎንበስ ብሎ ክፍቷን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ በመስማማት ይሁን በሐዘን አልታወቀም። የግራው ፓራፋንጎ ከቀለሙ ጋር ለቡሄ ደረሰ። ከመነዳሪው ትራስ ሆኖ ስለገባም ያ ከሩቅ «ዚሏ መጣች» የሚያሰኘው ሲጥሲጥታ ቀርቷል፤ አንዳንድ የሠፈር ልጆች በዚህ ቅር ብሏቸዋል።

የቀኙ ግን እንደተፈታ ነው፤ የቱቦው ማሸጊያ አልቆ። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ከባሕር ዳርም ሆነ ከሶማሌ ተራ ወደ ደብረ ታቦር የምትመጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ የላሜራ ስፌት ማሸጊያ ፖሊዩሪቴን ይዛችሁልን ኑ፤ ጥቁርም ይሁን ግራጫ ግድ የለም። የአገልግሎት ጊዜው ማብቂያ ቱቦው ላይ ተጽፏልና እዩት፤ ጊዜው ያለፈበት እዚያው ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል፤ በጣታችሁ ስትጫኑት እንደ ድንጋይ ከሆነባችሁ ተዉት። ሻጩ «ሲሊኮንም ያው ነው» ካላችሁ ደግሞ አትከራከሩት፤ ከፍታችሁ አሽትቱት፣ አቼቶ ከሸተታችሁ መልሱለት።